ደሴቷ ወይስ ደሴቱ? ደግሞስ በረዶ ሆና ከተገኘች?

የትርጉም ሎሌ፦
ሰላም ቤተሰብ። አንድ ዓረፍተ ነገር አላላውስ ብሎኛል። ስለ ሰሜን ዋልታ የሚተርክ አጭር ፊልም አለ፤ ከግርጌው የሚወጣውን የአማርኛ ጽሑፍ እኔ ነኝ የምሠራው። ጉዳዩ ከግሪንላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ወጣ ብሎ ባሕር ላይ ስለታየች፣ ሰው ስለማይኖርባት አንዲት ሚጢጢ ነገር ነው። «ነገር» ያልኩት ሌላ ስም ስላጣሁላት ነው። ተራኪው እንዲህ ይላል፦

«በ2021 የተገኘችው የዓለም የመጨረሻዋ ሰሜናዊ ደሴት፣ በማግሥቱ ዓመት ደሴት አለመሆኗ ታወቀ።»

«ደሴቷ ደሴት አይደለችም» ብዬ ልጻፍ? ተመልካች አይስቅብኝም? ደግሞስ ከላይ ጠጠርና ጭቃ ያለበት፣ ከታች የባሕር ወለል ላይ የተቀመጠ በረዶ በአማርኛ ምን ይባላል? ቦታዬ ሁለት መስመር ናት፤ ማብራሪያ አታስገባም። ዓርብ ማስረከብ አለብኝ። ባካችሁ።

የሸገር ልጅ፦
ቦታ ተመራሁ ብሎ አጥር ሊያጥር ሄዶ ወንዝ ላይ ቆሞ የተገኘ ሰው በይው። ሁላችንም ይገባናል።

ካርታ ወዳድ፦
ቀልዱ ይቆየንና ታሪኩን ላልሰማችሁ ላስቀምጥ። ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

ከግሪንላንድ ሰሜናዊ ጠረፍ አጠገብ ካፌክሉበን የምትባል ደሴት አለች። ርዝመቷ 700 ሜትር ገደማ ነው። አሜሪካዊው አሳሽ ፒሪ በ1900 ከሩቅ አያት። በ1921 ላውገ ኮክ የተባለ ዴንማርካዊ ረገጣትና ስም አወጣላት። እስከ 1969 ድረስ የዓለም የመጨረሻው ሰሜናዊ መሬት ኬፕ ሞሪስ ጄሰፕ የሚባለው የግሪንላንድ ጫፍ ነው ይባል ነበር። በዚያ ዓመት የካናዳ ቡድን ሲለካ ካፌክሉበን በጥቂት መቶ ሜትሮች በልጣ ተገኘች። ከዋልታው 713 ኪሎ ሜትር ላይ ናት።

በ1978 የዴንማርክ ቀያሾች ይህንኑ ሊያጣሩ ሄዱ። ከካፌክሉበን ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰሜን አንዲት ጥቁር ነጥብ ታየቻቸው። 15 ሜትር በ8 ሜትር የምትሆን የጠጠር ክምር ናት። ኡዳቅ ብለው ሰየሟት። በኋላ ሌሎች ሄደው ሲፈልጉ ኡዳቅ የለችም። በ1996 እና በ2003 ደግሞ ሌሎች ቡድኖች ሌላ ሌላ ነጥብ አገኙ። እያንዳንዱ ቡድን «የመጨረሻዋ ይቺ ናት» አለ።

በ2021 ተመራማሪዎች በሄሊኮፕተር ኡዳቅ ላይ አረፍን ብለው ናሙና ወሰዱ። ቆይቶ ሲጣራ ከኡዳቅ 800 ሜትር ያህል ርቀዋል። 60 ሜትር በ30 ሜትር የምትሆን አዲስ ነገር ላይ ነው የቆሙት። ቄቄርታቅ አቫናርሌቅ ትባል አሉ። ዓለም ሁሉ ዘገበው። በ2022 ሌላ ጉዞ ተደርጎ የባሕሩ ጥልቀት ተለካ። በነዚህ «ደሴቶች» ሥር ከ26 እስከ 47 ሜትር ውኃ አለ። ጠጠሩ ታች የሚያያዝበት አለት የለውም። የተጫነው በረዶ ላይ ነው። በረዶው ከአቅራቢያው ተራራ ከሚወርድ ግግር ተገንጥሎ፣ ጠጠሩን እንደተሸከመ መጥቶ ወለሉ ላይ ያረፈ ነው። እዚያው አንዳንድ ዓመት ይቆያል፤ ከዚያ ይሰበራል ወይ ይሄዳል። ኡዳቅም ከዚያ ወዲህ የተገኙትም ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ካፌክሉበን ማዕረጓ ተመለሰላት።

ዘዋሸራ፦
ልጄ፣ በረዶውን ተዪውና ከመጀመሪያው ስህተት ተነሺ። «ደሴቷ» ማን አስተማረሽ? «ደሴቱ» ነው። መዝሙር 96 «ወይትፌሥሑ ደሰያት ብዙኃት» ይላል። «ይትፌሥሑ» ለወንዶች ነው። ለሴቶች ቢሆን «ይትፌሥሓ» ባለ ነበር። ዳዊት የደገመ ሰው ይህን አይስትም።

እንዝርት፦
የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና «ብዙኃት»ን ለምን ዘለሏት? ለወንዶች ቢሆን «ብዙኃን» ይል ነበር። ያው አንድ መስመር ውስጥ ግሱ የወንድ፣ ቅጽሉ የሴት ነው። እርስዎ ግማሹን ጠቅሰው ፈረዱ።

ዘዋሸራ፦
ግማሹን አልጠቀስኩም፤ ሙሉውን ነው የጻፍኩት። ያነበብሽው አንቺ ነሽ። ግስ የዓረፍተ ነገር አባወራ ነው። ቅጽል ተከታይ ናት።

እንዝርት፦
«ናት» አሉ። ቅጽልን ሴት አደረጓት። እንግዲህ ሴት ሴትን ትከተላለች።

የሸገር ልጅ፦
1 ለ 0።

ዘዋሸራ፦
ከፈለጋችሁ መዝሙር 71 ላይ እንሂድ። «ነገሥተ ተርሴስ ወደሰያት አምኃ ያበውኡ»። እዚህስ?

እንዝርት፦
እዚያ አምኃ የሚያገቡት ነገሥታቱ ናቸው የኔታ። ደሰያት አገራቸው ናት። ደሴት ተነሥታ እጅ መንሻ አትይዝም።

ካርታ ወዳድ፦
ይቺኛዋ ተነሥታ ትሄዳለች እኮ። በረዶ ናት።

ዲያቆን ነበርኩ፦
ግዕዙን አከብራለሁ፤ ግን ጥያቄው የአማርኛ ነው። በአማርኛ ትንሽና የምትወደድ ነገር ሴት ትሆናለች። «ቤቷ»፣ «መኪናዋ»፣ «ወንበሯ» እንላለን። ማዳጋስካርን «ደሴቱ» በል ቢሉኝ እላለሁ። 15 ሜትር በ8 ሜትር የሆነችውን ግን «ደሴቱ» ለማለት አፌ አይሄድልኝም። ግቢዬ ውስጥ ትገባለች።

ዘዋሸራ፦
ዲያቆን «ነበርኩ» ያለ ሰው ስለ ግዕዝ ሲናገር ያ «ነበርኩ» ይታወሰኛል።

ዲያቆን ነበርኩ፦
ተቀብያለሁ አባቴ። ግን መልስ አይደለም።

የሸገር ልጅ፦
ስለ ደሴ ማንም አላነሳም? ደሴ ከተማ ማለቴ ነው። ዐፄ ዮሐንስ በ1882 እዚያ ሰፍረው ሳለ ጭራ ያለው ኮከብ አይተው «ደሴ» አሉ ይባላል፤ ደስታዬ እንደማለት። ደሴትም ከ«ደስ» ቢመጣስ? መርከበኛ በባሕር ሲንገላታ ከርሞ መሬት ሲያይ ደስ አይለውም? ደስ + ኤት = ደሴት። ሽልማቴን ላኩ።

ዘዋሸራ፦
ልጄ፣ ይህን ለማንም እንዳትነግር። የግዕዙ ብዙ «ደሰያት» ነው። «የ» የተደበቀችው በነጠላው ነው፤ በብዙው ትወጣለች። ሥሩ ሦስት ፊደል ነው፤ ሦስተኛው «የ» ነው። የአማርኛው «ደስ» ከዚህ ጋር ጉዳይ የለውም። ደሴትን ከደሴ ያገናኘ ነገ ቅኔን ከቅኝት ይወልዳል።

እንዝርት፦
በዚህ ከየኔታ ጋር ነኝ። መዝግቡልኝ፤ ብርቅ ነው።

የትርጉም ሎሌ፦
እናንተዬ፣ በረዶውስ?

የሸገር ልጅ፦
ቆይ እህቴ፣ ትልቁን ነገር አላያችሁም። በ1978 የተገኘችው ስሟ ማን ነው? ኡዳቅ። ኋላ ምን ሆነ? ጠፋች። ኡዳቅ፣ ውዱቅ፣ ውድቅ! ፍርድ ቤት «አቤቱታው ውድቅ ነው» አይልም? የደሴትነት አቤቱታዋ ውድቅ ሆነ። ስሟ አስቀድሞ ተናግሯል። ግሪንላንዶች ግዕዝ ያውቃሉ ብዬ ልደምድም?

ዘዋሸራ፦
ሳቅኩ፤ አልዋሽም። «ውዱቅ» የወደቀ ነው። ግን ቅኔ እንጂ ትርጉም አይደለም።

ከኮፐንሃገን፦
ሰላም። እኔ ዴንማርክ ነው የምኖረው፤ ይህን ነገር እዚህ ዜናው ደጋግሞ አውርቶታል። ኡዳቅ የሰው ስም ነው። በ1909 ከፒሪና ከጥቁር አሜሪካዊው ማቲው ሄንሰን ጋር ወደ ዋልታው እስከመጨረሻው ከተጓዙት አራት ኢኑይቶች (የግሪንላንድ ነባር ሕዝብ ናቸው) አንዱ ነው። ውሻ የሚነዱት፣ ተንሸራታች የሚሠሩት፣ በረዶ ቤት የሚገነቡት እነሱና ሄንሰን ነበሩ። በእርግጥ ዋልታው ጋ ደርሰዋል ወይ የሚለው እስካሁን ያከራክራል።

እኔን የሚገርመኝ የስሞቹ ድልድል ነው። ኬፕ ሞሪስ ጄሰፕ የተሰየመው ፒሪን በገንዘብ ይደግፍ በነበረ ሀብታም አሜሪካዊ ነው። እሱ አለት ደረሰው። ካፌክሉበን የኮፐንሃገን ማዕድን ሙዚየም ሰዎች ቡና ሲጠጡ የሚሰባሰቡበት ክበባቸው ነው። እነሱም አለት ደረሳቸው። በእግሩ ሄዶ በረዶውን የረገጠው ኡዳቅ ግን የደረሰው በረዶ ሆነ። እሷም ሄደች።

እንዝርት፦
ይቺን ቅኔ አደርጋታለሁ።

ዲያቆን ነበርኩ፦
ቆይ፣ የደሴት ስም የቡና ክበብ ነው?

ከኮፐንሃገን፦
አዎ። «ካፌ» ቡና ነው። «ክሉበን» ክለቡ። መጨረሻ ላይ ያለችው «-ን» የእኛ «-ው» ናት፤ እነሱም እንደ እኛ ከኋላ ነው የሚለጥፉት። ከዚያ በዴንማርክኛ «ደሴት» የሚለው ቃል ይከተላል፤ እሱ ደግሞ አንድ ፊደል ብቻ ነው። ድምፁ በ«ኧ» እና በ«ኦ» መካከል ነው። ስለዚህ ሙሉው «የቡና ክለቡ ደሴት» ነው።

የሸገር ልጅ፦
የዓለም የመጨረሻው ሰሜን በቡና የተሰየመ ነው እያልሽ ነው? ቡናችን እስከዚያ ደርሷል? ሦስተኛው በረካ እዚያ ነው የሚጠጣ ማለት ነው።

ዲያቆን ነበርኩ፦
«ክለብ» አትበሉት፤ እግር ኳስ ይመስላል። «የቡና ማኅበርተኞች ደሴት»።

እንዝርት፦
ማኅበርማ ጽዋ አለው፣ ጻድቅ አለው። ቡና ላይ የሚሰበሰብ የቡና ጎረቤት ነው። «የቡና ጎረቤቶች ደሴት» በይ።

ጂኦግራፊ ያስተማርኩ፦
«ካፌ» የሚለው ቃል ራሱ ከካፋ የመጣ መሆኑን እያስታወሳችሁ ተነጋገሩ። ስለዚህ ደሴቷ በተዘዋዋሪ የካፋ ደሴት ናት። የኢትዮጵያ ስም ሰሜን ዋልታ ድረስ ሄዷል። ይህን ተማሪዎቼን ሁልጊዜ አስተምር ነበር።

የቦንጋ ልጅ፦
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ። እኔ ቦንጋ ነው ያደግሁት። በእኛ ቋንቋ ቡና «ቡኖ» ነው። አያቴ «ካፋ ጠጣሁ» ብላ አታውቅም። ካፋ አገሩ ነው። ቃሉ ከአገራችን ቢወጣ ኖሮ «ቡኖ» ሆኖ ነበር የሚወጣው። እናንተም «ቡና» የምትሉት ከዚያው ቤት ነው።

ጅዳ ነኝ፦
እዚህ ዓረቦቹ ጋ ፍሬው «ቡን» ነው፤ የተፈላው መጠጥ «ቀህዋ» ነው። ቱርኮች «ቀህዋ»ን ወሰዱ፤ ከነሱ ወደ አውሮፓ አለፈ። የዴንማርኩም በዚያ መንገድ የመጣ ነው። «ቀህዋ» ደግሞ ድሮ ለወይን ጠጅም ይባል ነበር። ካፋ እዚህ ውስጥ ያለው በድምፅ መመሳሰል ነው።

ጂኦግራፊ ያስተማርኩ፦
ቀህዋስ ራሱ ከየት መጣ? ከካፋ ቢሆንስ? በመርከብ ሄዶ?

የቦንጋ ልጅ፦
እንግዲህ እርስዎ አገሬን ሊያከብሩ፣ እኔ አይሆንም ልል። ይግረመን።

የሸገር ልጅ፦
ቡና የሚጠጣ ሰው በዚህ አይጣላም። በሉ አፍሉ።

የትርጉም ሎሌ፦
ካፌክሉበንን አልጠየቅኩም። እሷ እውነተኛ ደሴት ናት፤ ሰላም አላት። እኔ የምፈልገው ያቺን ውሸተኛዋን ነው።

ዘዋሸራ፦
ውሸተኛ አትበዪአት፤ እሷ ደሴት ነኝ አላለችም። ያሉት ሰዎቹ ናቸው። ይልቅ በረዶ ስትዪ የትኛውን በረዶ ነው? አማርኛ እዚህ ላይ ደሃ ሆኖብናል። ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ተራራ ላይ የሚተኛውንም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውንም በረዶ ይላል። ግዕዝ ለይቷል። መዝሙር 148 ላይ እሳትና በረድ ከተጠሩ በኋላ አስሐትያና ሐመዳ ተጠርተዋል። በረድ ከሰማይ የሚወርደው ድንጋዩ ነው። ሐመዳ እንደ አመድ የሚበተነው ነው፤ አማርኛው «አመዳይ» የሚለው ከሱ ነው። አስሐትያ የረጋው፣ የጠጠረው ነው። ያንቺው አስሐትያ ነው።

ዲያቆን ነበርኩ፦
«አስሐትያ» ብላ ብትጽፍ ከሺሕ ተመልካች ስንቱ ይገባዋል? የሐኪም ማዘዣ ይመስላቸዋል።

ዘዋሸራ፦
ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት መካከል ሆነው የጠሩትን ቃል ተመልካች ሶፋ ላይ ተቀምጦ ካልገባው ይማር።

ካርታ ወዳድ፦
«ግግር በረዶ» የሚባል የለመድነው ቃል አለ እኮ። ተራራ ላይ ላለው። ባሕር ላይ ለሚንሳፈፈው ደግሞ «የበረዶ ተራራ» ይላሉ። ይቺ ግን 4 ሜትር እንኳ ከውኃ በላይ አትሞላም፤ «ተራራ» ማለት ይከብዳል።

የሸገር ልጅ፦
«ግግር» ከ«ጋገረ» ነው አይደል? የተጋገረ በረዶ። ምጣዱ ባሕሩ።

ዘዋሸራ፦
አይደለም! «ገገረ» ራሱን የቻለ ግስ ነው። ደረቀ፣ ጠጠረ ማለት ነው። «ልቡ ገገረ» ሲባል አልሰማህም? የምን ምጣድ።

እንዝርት፦
የኔታ፣ ሁለቱ ወንድማማች ሊሆኑ አይችሉም? የተጋገረም ነገር እኮ ይገግራል። በተለይ የእኔ ዳቦ።

ዘዋሸራ፦
ዳቦሽን ለማስረጃ ካቀረብሽ ሥራ እፈታለሁ።

ጅዳ ነኝ፦
አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ቀይ ባሕር ላይ የሚሠሩ መርከበኞች ውኃው ሥር ለጥ ብሎ የተቀመጠውን፣ መርከብ የሚሰነጥቀውን አለት «ሸዓብ» ይሉታል። ሪፍ የሚባለው ነው። አንዳንዱ ውኃው ሲጎድል ብቅ ይላል፤ ሰው አይኖርበትም። ይቺም እንደዚያ ብቅ ጥልቅ የምትል ከሆነች፣ «የበረዶ ሸዓብ» ብትባልስ?

ካርታ ወዳድ፦
ሸዓብ ወይም ሪፍ ከወለሉ ጋር አንድ አካል ነው። ቦታው አይለወጥም፤ ካርታ ላይ ምልክት ታደርግበታለህ። ይቺ ተቀምጣ እንጂ ተያይዛ አይደለም። መርከብ ግን እኩል ትሰነጥቃለች።

የሸገር ልጅ፦
ሸዓብ... ሻዕቢያ... ከዚያ ነው?

አወያይ፦
እዚህ ጋ ይቁም። ፖለቲካ ወዳለበት ሥርወ ቃል አንገባም። ደንቡ ላይ አለ።

የሸገር ልጅ፦
ፊደል ነው የጠየቅኩት ወንድሜ።

ጅዳ ነኝ፦
አይገናኝም። አንዱ «ሕዝብ» ነው፣ አንዱ የባሕር አለት። በጽሑፍ ነው የሚመሳሰሉት። ጨረስኩ።

ሀ-ሁ ቆጣሪ፦
ማንም ያላየውን ላሳያችሁ። ቄቄርታቅ አቫናርሌቅ። ሦስት ጊዜ «ቀ»፣ ከዚያ አንድ ተጨማሪ። ኡዳቅም በ«ቅ» ያልቃል። ፈረንጅ «ቀ» የለውም። ግሪንላንዶች ግን አላቸው። ይህ በአጋጣሚ ነው? ቄቄርታቅ፣ ቆረጠ፣ ቁራጭ። ደሴት ከመሬት የተቆረጠ ነው። እኔ ዝም ብዬ ነው ያስቀመጥኩት።

ከኮፐንሃገን፦
ዝም ብለህ ባታስቀምጠው ጥሩ ነበር። «ቄቄርታቅ» በግሪንላንድኛ ደሴት ነው። «አቫናርሌቅ» የመጨረሻው ሰሜናዊ። ቄቄርታርሱዋቅ የሚባል ሌላ አለ፤ ትልቅ ደሴት ማለት ነው። የእነሱ «ቀ» ደግሞ የእኛ አይደለም። የእኛ ይፈነዳል። የእነሱ ከጉሮሮ ጥግ ነው የሚወጣው፤ የዓረቡ «ቃፍ» ይቀርበዋል። እዚህ ግሪንላንዳዊ ጎረቤት አለኝ፤ የእኔን «ቀ» ሲሰማ ይስቃል።

ሀ-ሁ ቆጣሪ፦
የጎረቤት ሳቅ ማስረጃ አይሆንም።

እንዝርት፦
ግን እዩት እስቲ። ስሟ ራሱ «የመጨረሻዋ ሰሜናዊ ደሴት» ነው። ከሁለቱ ቃል አንዱ ደሴት ነው። ደሴት ካልሆነች ስሟ ግማሹ ወደቀ። ነገ ሌላ በረዶ ከሷ አልፎ ቢቆም ሌላው ግማሽም ይወድቃል። ኡዳቅ እንኳ የሰው ስም ስለሆነ አይሻርም፤ ሰውየው ነበረ። ለዚህ ነው ቦታን በሰው ስም መጥራት የሚሻለው።

ዲያቆን ነበርኩ፦
እኔ ግን የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። የቦታ ስም ትርጉሙን አይጠብቅም። «አዲስ አበባ» አዲስ ናት? «ግሪንላንድ» ራሱ ሲተረጎም አረንጓዴ ምድር ነው፤ በረዶ ነው። ስም ስም ነው። ቄቄርታቅ በረዶ ብትሆን ቄቄርታቅ ትባል። ሎሌ ሆይ፣ ስሟን ብቻ ጻፊ። «ቄቄርታቅ በረዶ ሆና ተገኘች»። በአንድ መስመር አለቀ።

ዘዋሸራ፦
«ሆና ተገኘች» አሁንም ሴት!

እንዝርት፦
የኔታ፣ በረዶ ወንድ ይሁንልዎ። ቄቄርታቅን ተዉልን።

ዘዋሸራ፦
በረድማ ወንድ ነው፤ ያከራከረው የለም። ታዲያ ወንድ የሆነ ነገር እንዴት «ሆና» ይሆናል? ስሟ ሴት፣ አካሏ ወንድ?

የትርጉም ሎሌ፦
አስረከብኩ። «ደሴት የመሰለችው፣ ጠጠር የለበሰ በረዶ ነበረች» ብያለሁ። ሁለት መስመር ሞላ። አመሰግናለሁ ሁላችሁንም።

ዘዋሸራ፦
«የለበሰ» ለወንድ፣ «ነበረች» ለሴት። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ። ልጄ፣ አየሽ?

እንዝርት፦
ልክ እንደ «ይትፌሥሑ ደሰያት ብዙኃት» ነው የኔታ። ዳዊት ከሆነ ይፈቀዳል ማለት ነው?

ካርታ ወዳድ፦
እኔ ያልገባኝ «የለበሰ» ነው። ልብስ ከውጭ ይጨመራል። ጠጠሩ ከተራራው ጀምሮ በረዶው ላይ የነበረ ነው። «የተሸከመ» ማለት ነበረበት።

የሸገር ልጅ፦
«የተሸከመ» ካልክማ ጭነት ነው፤ ጭነት የሚወርድበት ቦታ አለው። ይሄኛው ይሰምጣል።

ዘዋሸራ፦
«ተሸከመ» የሚለው ግስ መነሻው...

የሸገር ልጅ፦
ቡናው ፈልቷል የኔታ፣ ይቀጥሉ።